ከኩይሳው እስከ ኮራሉ፦ የኬንያ ጉዞ ማስታወሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ የባሕር ኮከብ መሳል ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። የእንስሳት ምደባ ላይ ስደርስ አምስት ክንድ እስላለሁ፣ ከሥሩ «ኢካይኖደርማታ» (የባሕር ኮከብና የዘመዶቿ ወገን) ብዬ እጽፋለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከዚህ ወገን አንዱንም በሕይወት አይቼ አላውቅም ነበር። ባሕር የለንማ።

ኅዳር ላይ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ለእኛ በዝምድና የሚቀርበን ጉንዳን ነው ወይስ የባሕር ኮከብ?» ክፍሉ ሳቀ። ጉንዳን ጭንቅላት አለው፣ ዓይን አለው፣ እግር አለው። የባሕር ኮከብ ጭንቅላት የሚባል ነገር የላትም። መልሱ ግን የባሕር ኮከብ ናት። ነገርኳቸው። «ቲቸር ካለ ይሁን» ዓይነት ፊት አሳዩኝ። ከመጽሐፍ የቃረምኩትን እንደነገርኳቸው ገብቷቸዋል። ያ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ።

ሁለት ዓመት ማታ ማታ ልጆች እያስጠናሁ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ነበረችኝ። ለአጋማሽ ዓመቱ እረፍት መንገድ ወጣሁ። አንድ ፀጉራም፣ ጡት የሚያጠባ፣ ነፍሳት የሚበላ እንስሳ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ኢካይኖደርም፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ማየት ፈለግሁ። የመጀመሪያው ድንኩ ሞንጉስ ነው። እኛም አገር አለ። ባደግሁበት ሰፈር ግን ዶሮ የሚሰርቅ አውሬ ሁሉ «ሽለምጥማጥ» ስለሚባል ለብቻው ለይቶ የሚጠራው አልነበረም። ሁለተኛዋ የባሕር ኮከብ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ብሪትል ስታር ይሏታል። ክንዷ ቶሎ ስለሚሰበር ነው። እኔ ተሰባሪ ኮከብ እላታለሁ። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙት በናይሮቢና በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017፣ ናይሮቢ

ከቦሌ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም። ኢስሊ ሰፈር የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ኢስሊ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይሰማል። እራት እንጀራ በሽሮ ነበር። «ኬንያ መጥተህ ሽሮ?» ብላ ራሷ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔማ ደስ ብሎኝ በላሁ።

ሒሳብ ለማስላት አልተቸገርኩም። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በዚያን ሰሞን፣ ብርና የኬንያ ሽልንግ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የማየው ዋጋ ሁሉ ሳይመነዘር ይገባኝ ነበር። 50 ሽልንግ የወተት ሻይ ማለት 50 ብር የወተት ሻይ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 18፣ በባቡር እስከ ቮይ

ባቡሩ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ ቻይኖች የሠሩት ነው። ሙሉው መንገድ እስከ ሞምባሳ በኢኮኖሚ 1,500 ሽልንግ ነበር፤ እኔ መሐል ላይ ቮይ ስለምወርድ ከዚያ ያነሰ ከፈልኩ። ሁሉም ሰው በኤምፔሳ ይከፍላል፤ ጥሬ ብር የያዝኩ እኔ ብቻ መሰለኝ። የእኛ የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ሲሄድ የእነሱ በናፍጣ ነው። ንጽሕናውና ሰዓት አክባሪነቱ ግን አስቀናኝ።

ፃቮ ስንደርስ አፈሩ ቀይ ሆነ። ሸክላ የመሰለ ቀይ። ዝሆኖቹ አፈሩን ራሳቸው ላይ እየበተኑት እነሱም ቀልተዋል። ሐዲዱ በአፈር ድልድል ላይ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ዝሆኖች ከሥሩ የሚያልፉባቸው መተላለፊያዎች አሉት። በመስኮት አንድ መንጋ ሊያልፍ ሲጠጋ አየሁ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ለእኔ ሲያሳዩኝ የራሳቸውን ቦታ ለቀቁልኝ።

ቮይ ላይ 1,800 ሽልንግ የሚከፈልበት አልቤርጎ ያዝኩ። አጎበር አለው፣ ውኃ አለው።

ሰኞ፣ ጥር 19፣ የባከነ ጠዋት

ፃቮ ፓርክ ለውጭ ሰው መግቢያው በዶላር ነው፤ ለአስተማሪ ኪስ አይሆንም። ድንኩ ሞንጉስ ደግሞ የፓርክ አጥር አያውቅም። ከቮይ ወደ ሞምባሳ የሚወስደው መንገድ ታሩ የሚባል ደረቅ የቁጥቋጦ ምድር ያቋርጣል። እዚያ ከማውንጉ ከተማ አለፍ ብሎ ያለ የከብት እርባታ መሬት ላይ ለመግባት ተስማምቼ ነበር። ለሾፌሩ ማታ በእንግሊዝኛ «ነገ በ12 ሰዓት» ብዬ መልእክት ላክሁ።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሰውየው የመጣው በትክክል እኩለ ቀን ላይ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በእንግሊዝኛ 12 ማለት ለእሱ ቀትር ነው። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ አማርኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። ሰዓትም «ሳ» ነው የሚባለው። «ምዋሊሙ» አለኝ ሾፌሩ፤ መምህር ማለቱ ነው። «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ ብትለኝ በሌሊት እመጣልህ ነበር።» ኩሚ ና ምቢሊ አሥራ ሁለት ነው። በራሳችን ሰዓት ብንነጋገር ምንም አይፈጠርም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰዓት በስዋሂሊ ብቻ ሆነ።

በዚያ ሙቀት ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የለም። ቀኑን ገበያ ውስጥ አሳለፍኩት። ምሳ ኡጋሊና ሱኩማ (ጎመን)፣ 150 ሽልንግ። ኡጋሊ ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ቅቤና በርበሬ የለም እንጂ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20፣ ኩይሳው

በሌሊት ወጣን። የእርባታው ጠባቂ መንገድ ላይ ጠበቀን። ሞንጉስን «ንጉቺሮ» ይለዋል። ከአስፋልቱ ወጥተን 40 ደቂቃ በቀይ አሸዋ ሄድን። ከግራርና ከከርቤ ዘመዶች በቀር ዛፍ የለም። ከዚያ አንድ ኩይሳ አሳየን፤ ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል፣ ጎኑ ላይ ብዙ ቀዳዳ አለው። ምስጡ ለራሱ ማናፈሻ የሠራው ነው። ሞንጉሶቹ ሌሊቱን የሚያድሩት በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው። መኪናው ውስጥ ሆነን ጠበቅን።

ከእኛ ሌላ የሚጠብቅ ነበር። ሁለት ቢጫ ምንቃር ያላቸው ወፎች፣ ሆርንቢሎች፣ ኩይሳው አጠገብ ያለ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የእኛ አገር የእርኩም ዘመዶች ናቸው፤ መጠናቸው ግን ትንሽ ነው። ቀዳዳውን እያዩ ዝም ብለዋል።

ፀሐይዋ ኩይሳውን መምታት ስትጀምር አንድ ሹል አፍንጫ ብቅ አለ። ከዚያ ጆሮ፤ ትንሽ፣ ክብ፣ ከራስ ቅሉ ጋር የተጣበቀ። ከዚያ ዓይኑ፤ ቀላ ያለ። ግማሽ አካሉን አውጥቶ ረዥም ጊዜ ቆየ። አየሩን አሸተተ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ ወፎቹን አየ። ወጣ። ተከትሎት ሌላ። ከዚያ ሦስት ባንዴ፣ እየተጋፉ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ሁለቱ ግልገል ናቸው። አንዱ ሙሉ አዋቂ 300 ግራም ቢሞላ ነው። ስድስት የዶሮ እንቁላል በሉት። በአፍሪካ ካሉት የሥጋ በል ወገኖች ከትንንሾቹ አንዱ ይህ ነው። ዘመዶቹ አንበሳና ጅብ መሆናቸውን ሳስብ እጄ ላይ ያለውን መነጽር አጥብቄ ያዝኩት።

ኩይሳው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ሞቁ። አንዱ የሌላውን አንገት በጥርሱ ያበጥራል። አንዱ ፊተኛ እግሩን አንስቶ ያነክስ ነበር። ሁለት ሌሎች እየመጡ አጠገቡ ተኙ፣ ፀጉሩን አበጠሩለት። ሌሎቹ ሲነሱም እሱን ቀድሞ ጥሎ የሄደ አልነበረም። ቡድኑን የምትመራው አንዲት ሴት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደውም እሷ ናት። ሌሎቹ ግልገል ይጠብቃሉ፣ ያበላሉ፣ በየተራ ዘብ ይቆማሉ።

ከዚያ ለቀማ ወጡ። «ጵጵ፣ ጵጵ» የሚል ድምፅ አያቋርጡም፤ እዚህ ነኝ እየተባባሉ ነው። ሆርንቢሎቹም ወርደው መሐላቸው ይራመዱ ጀመር። ሞንጉሱ ሣሩን ሲያነሳ የሚዘለውን አንበጣ ወፏ ትለቅማለች። እሷ ደግሞ ጭልፊት ስታይ ትጮኻለች። አን ራሳ የምትባል ተመራማሪ ይህንኑ የታሩን ምድር ለዓመታት ተቀምጣ አጥንታ በ1983 እ.ኤ.አ. ጽፋዋለች። ወፎቹ ጠዋት ኩይሳው ዘንድ ይጠብቃሉ። ወፎቹ ሲዘገዩ ሞንጉሶቹ ሳይወጡ ይቆያሉ። ይበልጥ የገረመኝ፣ ወፎቹ ለራሳቸው የማያሰጋቸውን፣ ሞንጉስ ብቻ የሚበላውን አሞራም አይተው ይጮኻሉ። ብዙ ወፍ ካለ ሞንጉሶቹ የራሳቸውን ዘብ ይቀንሳሉ።

አንዱ ከመኪናችን አራት ሜትር ላይ መሬት ቆፈረ። ትልቅ ጥቁር ጢንዚዛ አወጣ። በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከው። ቅርፊቱ ሲሰበር ሰማሁት። የተማሪዬ ጥያቄ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ይህ ጢንዚዛ ጭንቅላት አለው፣ ዓይን አለው፣ እንደ ሞንጉሱ ግራና ቀኝ አለው። ግን ለሞንጉሱ የሩቅ ባዕድ ነው። ቅርቡ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ሥር ናት።

ወፏ ጮኸች። ሁሉም ጠፉ። ጭልፊቱን እኔ ያየሁት እነሱ ከጠፉ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 21፣ ወደ ዋታሙ

አስተርዮ ማርያም ነው። ጠዋት ለብቻዬ ጸሎቴን አድርሼ ማታቱ ያዝኩ። ማታቱ የእነሱ ሚኒባስ ነው። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራው ከእኛ «ሜክሲኮ! ሳሪስ!» ከሚለው ልጅ በምንም አይለይም። ሞምባሳ ላይ ቀይሬ በማሊንዲ መንገድ ወደ ሰሜን፤ ጌዴ መገንጠያ ላይ ወርጄ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ እነሱ ቱክቱክ ይሉታል፣ 100 ሽልንግ።

ጌዴ ላይ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ጫካ የዋጠው አሮጌ የስዋሂሊ ከተማ ነው። ግንቡ የተሠራው ከኮራል ድንጋይ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት በድንጋዩ ላይ የኮራሉ ኮከብ ኮከብ ቅርጽ ይታያል። ላሊበላ ከቋጥኝ ተፈልፍሎ ወጣ፤ እነዚህ ደግሞ የባሕር እንስሳ አፅም እየቆረጡ መስጊድ ሠሩ።

ዋታሙ ጣሊያኖች የበዙበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ልጆች «ቻው!» እያሉ ሰላም ይሉሃል፤ አዲስ አበባ ያለሁ መሰለኝ። ረቡዕ ስለሆነ የጾም ጠየቅሁ። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ምክንያቱን ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ከቻፓቲ ጋር አቀረቡልኝ። 200 ሽልንግ። ይህን የመሰለ የጾም ወጥ በልቼ አላውቅም። አሠራሩን ጽፌ ይዣለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 22፣ ባሕሩ ሲሸሽ

ቀኑን የመረጥኩት በጨረቃ ነው። ጨረቃ በጠፋች ማግስት ባሕሩ ብዙ ይሸሻል፤ በዚህ ዳርቻ በመዓበሉ ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። አስጎብኚዬ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። «ሳ ኔ ና ኑሱ» አለኝ፤ አራት ሰዓት ተኩል። ተግባባን። የባሕር ፓርኩን መግቢያ ከፍለን ገባን። ፓርኩ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀ ነው። መንካት የለም፣ ድንጋይ መገልበጥ የለም፣ መውሰድ የለም።

ትናንት ማታ ውኃ የነበረበት ሜዳ ደርቆ ድንጋይና ኩሬ ሆኗል። በነጠላ ጫማ ነበር የወጣሁት፤ ስህተት ነው። ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ የባሕር ጃርት ወጋኝ። ጥቁሩ እሾህ ተረከዜ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ልጁ ሮጦ ከመንደሩ ያልበሰለ ፓፓያ አመጣና ወተቱን ቀባኝ። ሕመሙ ቶሎ በረደ፤ እሾሁ ግን ከርሟል። በሕይወቴ መጀመሪያ የነካሁት ኢካይኖደርም ይኸው ሆነ።

«ንዮታ ያ ባሃሪ ነው የምትፈልገው?» አለኝ። ንዮታ ኮከብ ነው። ባሃሪን መተርጎም አላስፈለገኝም።

አንድ የእግር ጣት ያህል ስንጥቅ ላይ ተንበረከክን። መጀመሪያ ያየሁት የአልጌ ክር መሰለኝ። ከዚያ ተጠማዘዘ። ቡናማ፣ ደብዛዛ መስመር ያለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ አጫጭር እሾህ የተደረደረበት፣ ከእርሳስ የቀጠነ ክንድ ነው። መሐል አካሏ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙ የማይበልጥ ክብ፣ ስንጥቁ ውስጥ ተወትፏል። ውጭ ያሉት ሦስት ክንዶች ናቸው። ስሟ ኦፊዮኮማ ስኮሎፐንድሪና ይባላል።

«ቆይ» አለኝ ልጁ። «ውኃው ሲመለስ እይ።»

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጀርባዬን ፀሐይ ጠበሰኝ። ከዚያ ውኃው እየተሳበ መጣ፤ በመጀመሪያ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ። ላዩ ላይ አረፋና ብናኝ ተሸክሟል። ያን ጊዜ ክንዶቹ ተነሱ። ከአንድ ስንጥቅ አይደለም፤ ከሁሉም። ዙሪያችንን ያለው ድንጋይ ሁሉ ክንድ አበቀለ። ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው የውኃውን ገጽ ይጠርጋሉ፤ እናቴ ከሚፈላ ወጥ ላይ አረፋ በማንኪያ እንደምትገፍፈው። የገፈፉትን በትንንሽ እግሮቻቸው እያንከባለሉ ወደ አፋቸው ያወርዱታል። አፏ ከሥር ነው፤ አምስት መንጋጋ አለው። ያልተፈጨው በዚያው አፍ ይወጣል፤ ሌላ መውጫ የላትም።

አንዷ ስንጥቅ ለመቀየር ወጣች። ፊትና ኋላ የላትም፤ ያሻትን ክንድ ታስቀድማለች፣ ሌሎቹ ይቀዝፋሉ። ፈጣን ናት። አራቱ ክንዷ ሙሉ ነው። አምስተኛው አጭር፣ ቀጭን፣ ነጣ ያለ። የሆነ ዓሣ ወይም ሸርጣን ይዟት ክንዷን ትታለት አምልጣለች። አሁን እያበቀለችው ነው። ያ የሚያነክሰው ሞንጉስ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እሱ እግሩን ቢያጣ ሌላ አይበቅልለትም። ያለው አሥር ጓደኛና ሁለት ወፍ ነው። እሷ በሺህ ጎረቤት መካከል እየኖረች ማንም አይጠብቃትም፤ ጎረቤቷን ዓሣ ሲበላው ዞር ብላ የምታይበት ጭንቅላት የላትም። ያላት የሚሰጥ ክንድ ነው። ሁለቱም ለሌላ እንስሳ ምግብ የሚሆኑ ትንንሽ ፍጥረታት ናቸው። ሁለቱም ሌላ ፍጥረት በሠራው ቤት ያድራሉ፤ አንዱ ምስጥ በገነባው፣ አንዷ ኮራል በገነባው።

ማታ ለተማሪዬ የምመልስላትን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አብዛኛው እንስሳ ሲጀምር ጥቃቅን ሕዋሳት የተጠቀጠቁባት ኳስ ናት። ኳሷ አንድ ቦታ ላይ ትሰረጉዳለች። በጉንዳንና በጢንዚዛ ወገን አፍ ከዚያች ስርጉድ ጋር የተያያዘ ነው። በሞንጉስ፣ በእኛ፣ በተሰባሪዋ ኮከብ ወገን ግን ያቺ ስርጉድ የኋላው ጫፍ ናት፤ አፍ በሌላ በኩል በኋላ ይከፈታል። አፅሟም እንደ እኛ ከቆዳ ሥር ነው፤ የጢንዚዛ ከውጭ ነው። ክንዷ ውስጥ የተደረደሩትን አጥንት መሰል ክፍሎች ሳይንቲስቶች የሚጠሯቸው የጀርባ አጥንታችን አንጓዎች በሚጠሩበት ስም ነው። ይህ ግን የቅርጽ መመሳሰል ብቻ ነው፤ የዝምድና ማስረጃ አይደለም፤ ለተማሪዎቼ ለይቼ መናገር አለብኝ። ደግሞ ስትፈለፈል ኮከብ አይደለችም። በውኃ የምትንሳፈፍ፣ ግራና ቀኝ ያላት ደቃቅ እጭ ናት። አምስት ማዕዘን የምትሆነው በኋላ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 23፣ ዳግመኛ

ውኃው ዛሬ ትንሽ ዘግይቶ ሸሸ። ጫማ ከቤቱ እመቤት ተውሼ ወጣሁ። ያቺን አጭር ክንድ ያላትን ፈለግኋት፤ አላገኘኋትም። ይልቅ በስልኬ ክንዶቹ ሲነሱ ቀረጽኩ፤ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። በሙሉ ጉዞው ከያዝኩት ሁሉ የምሳሳለት እሱን ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሞምባሳ፣ ማታ በአውቶቡስ ወደ ናይሮቢ፣ 1,600 ሽልንግ። ሌሊት ታሩን ስናልፍ ነቅቼ ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ጨለማ ብቻ ነው። ሞንጉሶቹ በዚያ ሰዓት ኩይሳቸው ውስጥ ተቆላልፈው ተኝተዋል።

ከአውሮፕላን ትኬቱ ሌላ 33,000 ሽልንግ ገደማ ወጣብኝ። ትልቁ ወጪ ሁለቱ ቀን መኪና ነው። መሄድ የሚፈልግ አስተማሪ ካለ ቢያንስ ሦስት ሆናችሁ ተካፈሉት። ጨረቃዋን አስቀድማችሁ እዩ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያዙ፣ ለሾፌር ሰዓት በስዋሂሊ ንገሩ።

ትምህርት ሲከፈት ቪዲዮውን ባሳየኋቸው ጊዜ ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ ወንበሯን ይዛ ወደ ፊት መጣች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።